የጆሮ፣ የአፍንጫ፣ የአፍና የጉሮሮ አካላዊ ምርመራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በብዛት የሚመጡት ምርመራውን ገና ከሚለማመዱ የጤና ተማሪዎችና ልዩ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ከሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። አንዳንዶቹን ግን ታካሚዎችና ወላጆችም ይጠይቋቸዋል፤ መልሶቹ ለእነርሱም እንዲገቡ ሆነው ተጽፈዋል።

ታካሚው የሚያመው ጆሮው ብቻ ነው። አፍንጫውን፣ አፉንና ጉሮሮውን ለምን እመረምራለሁ?

የጆሮ ሕመም ሁልጊዜ ከጆሮ ስለማይነሳ ነው። ለጆሮ ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ለጥርስ፣ ለመንጋጋ መጋጠሚያ፣ ለቶንሲል፣ ለምላስ ሥርና ለማንቁርትም ያገለግላሉ። አንጎል ሕመሙ የመጣበትን ቅርንጫፍ ለይቶ ማወቅ ስለሚሳነው የተበላሸ የመንጋጋ ጥርስ ያለበት ሰው ጆሮውን ይዞ ይመጣል። የቶንሲል ቁስል ያለበትም እንዲሁ። የጉሮሮ ካንሰርም አንዳንድ ጊዜ ራሱን መጀመሪያ የሚገልጸው በጆሮ ሕመም ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም አልኮል የሚያዘወትር አዋቂ በአንድ ጆሮው ሕመም መጥቶ ጆሮው ጤናማ ሆኖ ከተገኘ "ምንም የለብህም" ተብሎ መሸኘት የለበትም። በዚያ ሰው ላይ ዋናው ምርመራ የሚጀምረው ከጆሮው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአካሉ አሠራር ነው። መካከለኛው ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ካለው ክፍል ጋር ዩስታኪያን በሚባል ቀጭን ቱቦ ይገናኛል። የቱቦው አፍ ሲዘጋ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። በሕፃናት ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጉንፋን በኋላ ይመጣና በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በአዋቂ ሰው አንድ ጆሮ ብቻ ላይ ሲታይና ሳይጠፋ ሲቆይ ግን ከአፍንጫ ጀርባ የበቀለ እባጭ ቱቦውን ዘግቶት እንደሆነ ኢንዶስኮፕ በሚባለው፣ ውስጥን በሚያሳይ ቀጭን መሣሪያ መታየት አለበት። ጆሮውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊጠረጥር የሚችልበት መንገድ የለውም።

ምን ምን ያስፈልገኛል?

ከሁሉም በላይ ጥሩ ብርሃን። በግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ሁለቱንም እጆች ነፃ ስለሚያደርግ በእጅ ከሚያዝ ባትሪ ይመረጣል፤ በተለይ አፍን ለመመርመር ያለ እርሱ መሥራት ራስን ማድከም ነው። ከዚያ ኦቶስኮፕ የሚባለው መብራት ያለው የጆሮ መመልከቻ ከልዩ ልዩ መጠን ጫፎች ጋር፣ ሁለት የምላስ መጫኛ እንጨቶች፣ ጓንት፣ ጋዝ የሚባለው ስስ የሕክምና ጨርቅ፣ ቱኒንግ ፎርክ የሚባለው ሹካ መሰል ብረትና ከተገኘ የአፍንጫ መክፈቻ መሣሪያ ያስፈልጋሉ። ታካሚው ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ ፊትዎ በጣም ቅርብ ስለሚሆን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ።

የኦቶስኮፑ ባትሪ መሙላቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። የደከመ ባትሪ ቢጫማ ብርሃን ይሰጣል፤ በቢጫ ብርሃን የታየ ታምቡር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ ሊመስል ይችላል።

ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከየት ልጀምር?

እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት ይመልከቱ፣ ያዳምጡም። ሲናገር ድምፁ ጎርናና ነው? በአፍንጫው የሚናገር ይመስላል? ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ቃላቱ ታፍነው ይወጣሉ? አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው? ሁለቱ የፊቱ ጎኖች እኩል ይንቀሳቀሳሉ? የፊትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በመካከለኛው ጆሮ በኩል ስለሚያልፍ፣ ጆሮው መግል የሚያወጣ ሰው ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከጠመመ ሕመሙ ወደ ነርቩ ደርሷል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ስፔሻሊስት መድረስ አለበት።

ከዚያ ታካሚው የትኛው ወገን እንደሚያመው ይጠይቁና በጤነኛው ጎን ይጀምሩ። በአንድ በኩል ጤነኛው ምን እንደሚመስል ለዚያ ሰው ለራሱ መለኪያ ይሆንልዎታል፤ በሌላ በኩል ኢንፌክሽኑን ከታመመው ጆሮ ወደ ጤነኛው አያሻግሩም። ቢሆንም በሁለቱ መካከል ጫፉን መቀየር የግድ ነው።

ኦቶስኮፑን እንዴት ልያዝ? ሁልጊዜ ታካሚው ያመኛል ይላል።

የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ በጣም ስለገባ ወይም ጆሮው በደንብ ስላልተሳበ ነው። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከውጭ ያለው ሲሶ ልም አጥንት ስለሆነ ይለጠጣል፤ ፀጉርና ኩክ የሚገኙትም እዚያ ነው። ወደ ውስጥ ያለው ሁለት ሦስተኛ ግን አጥንት ላይ በተለጠፈ ስስ ቆዳ የተሸፈነ በመሆኑ ትንሽ ንክኪ እንኳን ያስጨንቃል። ጫፉ ፀጉር ካለበት ክፍል ማለፍ የለበትም።

ቦዩ ቀጥ ያለ አይደለም። በአዋቂ ላይ ውጫዊውን ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ቀስ አድርገው ሲስቡት ይቃናል፤ ሦስት ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ ግን ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው የሚሳበው። ወደ ቦዩ የሚገባውን ትልቁን ጫፍ ይምረጡ፤ ትንሹ ጫፍ የዋህ ይመስላል እንጂ ጠልቆ ስለሚገባና የሚያሳየው ጠባብ ስለሆነ የባሰ ያሳምማል።

ለቀኝ ጆሮ በቀኝ እጅ፣ ለግራ ጆሮ በግራ እጅ፣ መሣሪያውን እንደ እርሳስ ይያዙና የእጅዎን ጠርዝ በታካሚው ጉንጭ ላይ ያሳርፉ። ታካሚው ድንገት ቢንቀሳቀስ እጅዎና መሣሪያው አብረውት ይንቀሳቀሳሉ። ይህን ያለማድረግ በሕፃናት ላይ ቦዩን ያደማል፤ ልማድ እስኪሆን ድረስ በአዋቂዎችም ላይ ሳይዘለል መደረግ አለበት።

አንዳንድ ሰዎች ጫፉ ቦዩን ሲነካ ያስላሉ። አይደንግጡ። ማንቁርትን የሚያገለግለው ዐሥረኛው ነርቭ ወደ ጆሮ ቦይም ቅርንጫፍ ይልካል፤ ቀደም ሲል ስለ ነርቮቹ የተነገረው በዓይን የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው።

ኦቶስኮፕ ከማስገባቴ በፊት የምመለከተው ነገር አለ?

አለ፣ እርሱም ከማንም ጊዜ በላይ የሚዘለለው ነው። ከጆሮው ኋላ ይመልከቱ፤ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ፣ ቅላት ወይም እብጠት ሊኖር ይችላል። ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ሲነካ ካመመ፣ ቆዳው ካበጠና ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንቱ ተሻግሯል፤ ሆስፒታል መግባት የሚያስፈልገው ሁኔታ ነው። ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ትንሽ ልም አጥንት ጫን ሲሉ ወይም ጆሮውን ሲስቡ የሚብስ ሕመም ደግሞ ችግሩ በራሱ በቦዩ ውስጥ እንዳለ ይጠቁማል። በመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ብቻ ጆሮን መሳብ ይህን ያህል አያሳምምም።

ጤናማ ታምቡር ምን ይመስላል?

ፈዛዛ ግራጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በመጠኑ ወደ ውስጥ የገባ ስስ ሽፋን ነው። ከላይ ወደ መሀል ከታምቡሩ ጋር የተያያዘው መዶሻ የሚባል ትንሽ አጥንት እጀታ ይታያል፤ ከእጀታው ጫፍ ደግሞ የብርሃን ነጸብራቅ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወደ ታችና ወደ ፊት ማለትም ወደ ታካሚው አፍንጫ አቅጣጫ ይዘረጋል። እነዚህን ሁለቱን ካገኙ አቅጣጫዎን አግኝተዋል።

ብዙ ጀማሪዎች ነጸብራቁን ሲያዩ ምርመራው አለቀ ብለው መሣሪያውን ያወጣሉ። እባክዎ አያውጡት። ጫፉን ቀስ ብለው በማዞር አራቱንም ማዕዘን ይመልከቱ፤ በመጨረሻ ከመዶሻው እጀታ በላይ ያለችውን ትንሽ የታምቡር ክፍል ይፈልጉ። ኮሌስቲያቶማ የሚባለው፣ ቀስ እያለ አጥንት የሚበላው የቆዳ ክምችት ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚያች ቦታ ነው። ከላይኛው ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ቡናማ ቅርፊት ካዩ ኩክ ነው ብለው አይለፉት፤ በተለይ ጆሮው የሚሸት ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ቅርፊቱ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው በስፔሻሊስት መታየት ይኖርበታል። ይህን ቅርፊት በጊዜ ያየ ሰው የአንድን ሰው የመስማት ችሎታ፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ያተርፋል።

የሕፃኑ ታምቡር ቀልቷል። አንቲባዮቲክ ልስጠው?

ቅላት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። የሚያለቅስ ሕፃን ታምቡር ይቀላል፤ ትኩሳት ያለበትም እንዲሁ። የሚፈልጉት ታምቡሩ ወደ ውጭ መገፋቱን ነው፦ የመዶሻው አጥንት ምልክት ጠፍቶ ሽፋኑ ተነፍቶ ከታየ ከኋላው በግፊት ላይ ያለ መግል አለ ማለት ነው።

ኦቶስኮፑ የአየር መንፊያ ኳስ ካለው ቦዩን በደንብ በሚገጥም ጫፍ ዘግተው ኳሱን ቀስ ብለው ጫን ለቀቅ ያድርጉት። ጤናማ ታምቡር ይርገበገባል። ከኋላው ፈሳሽ ካለ አይንቀሳቀስም፣ ወይም በጣም በጥቂቱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቀዳዳ ያለውም አይንቀሳቀስም። ይህች ቀላል ዘዴ ብዙ አላስፈላጊ መድኃኒት ታስቀራለች፤ ብዙ ሰው የማይጠቀምባት መሆኑ ያሳዝናል።

ኩክ ታምቡሩን ሸፈነብኝ። ምን ላድርግ?

ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ ጆሮ ራሱን የሚጠብቅበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ቅሬታ ከሌለና ታምቡሩን ማየት አስፈላጊ ካልሆነ ይተዉት። ማየት ካስፈለገ በጠብታ ማለስለስ፣ በመሳቢያ መሳሪያ ማውጣት ወይም በውኃ ማጠብ ይቻላል። ታምቡሩ ቀዳዳ እንዳለበት የሚታወቅ ወይም የሚጠረጠር ከሆነ፣ ወይም ጆሮው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በውኃ አይታጠብም። የሚጠቀሙበት ውኃ የሰውነት ሙቀት ያለው መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ ውኃ የሚዛን አካሉን ስለሚቀሰቅስ ታካሚውን ክፉኛ ያዞረዋል።

ጆሮ ውስጥ የገባው ነገር ባቄላን የመሰለ ጥራጥሬ ከሆነ ውኃ ያሳብጠዋል። በሕይወት ያለ ነፍሳት ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ በዘይት ይገደላል፣ ከዚያ ይወጣል፤ ታምቡሩ የተቀደደ እንደሆነ ግን ዘይት አይጨመርም። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥን በተመለከተ ለታካሚዎች የሚነገረው አንድ ነው፦ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ቦዩን ይቧጥጣል፣ ስለዚህ ወደ ቀዳዳው አይግባ።

መስማቱን ያለ ማሽን መመርመር ይቻላል?

ይቻላል። ከንፈርዎን እንዳያነብ ከታካሚው ኋላ በአንድ ክንድ ርቀት ይቁሙ። በማይመረመረው ጆሮ ፊት ያለችውን ልም አጥንት በጣትዎ ጫን ብለው በማሻሸት ያንን ጆሮ ያደናግሩት። አየር አስወጥተው ከጨረሱ በኋላ ፊደልና ቁጥር ደባልቀው ሦስቱን በሹክሹክታ ይናገሩና እንዲደግምልዎ ይጠይቁት። ከሳተ በሌላ ቅንጅት አንድ ጊዜ ይድገሙለት። በሁለቱ ዙር ከተነገሩት ስድስት ፊደልና ቁጥር ሦስቱን ወይም ከዚያ በላይ ከመለሰ አልፏል ይባላል።

ካላለፈ ችግሩ የት እንዳለ የሚጠቁመው 512 ኸርዝ የሚሰጠው ቱኒንግ ፎርክ ነው። ሁለቱ ፈተናዎች የተሰየሙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩ ሁለት ጀርመናውያን፣ በቬበርና በሪነ ስም ነው። ለቬበር የሹካውን እግር በግንባር መሀል ያስቀምጡና ድምፁ የት እንደሚሰማው ይጠይቁ። ጤነኛ ሰው መሀል ላይ ይሰማዋል። በኩክ፣ በፈሳሽ ወይም በታምቡር ቀዳዳ ምክንያት ድምፅ ማስተላለፍ ያቃተው ጆሮ ካለ ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ ይሄዳል፤ ጉዳቱ ከነርቩ ወይም ከውስጣዊው ጆሮ ከሆነ ወደ ጤነኛው ይሄዳል። የራስዎን አንድ ጆሮ በጣትዎ ደፍነው ቢያጉረመርሙ የመጀመሪያውን ወዲያው ይረዱታል።

ለሪነ ደግሞ ሹካውን በመጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ፣ ቀጥሎ በቀዳዳው አጠገብ በአየር ላይ ይያዙና የቱ እንደሚጎላ ይጠይቁ። በአየር የሚሰማው ከጎላ ጤናማ ነው፣ ወይም ችግሩ የነርቭ ነው። በአጥንት የሚሰማው ከጎላ የማስተላለፍ ችግር አለ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ አንዱ ጆሮ ሙሉ በሙሉ ደንቁሮ ከሆነ ታካሚው በአጥንቱ በኩል የሰማው በሌላኛው ጆሮው ነው፤ ሳያውቅ ግን "በአጥንቱ ይጎላል" ይላል። ከስሕተቱ የሚያድነው ቬበር ነው፤ ድምፁ ወደ ጤነኛው ጆሮ ይሄዳልና። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አይተርጉሟቸው።

አንድ ሰው በአንድ ጆሮው መስማት ድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ካቆመ፣ ታምቡሩ ጤናማ ከሆነና ቬበር ወደ ጤነኛው ጆሮ ከሄደ ነገሩ አጣዳፊ ነው። "ጉንፋን ዘግቶት ይሆናል" ብሎ ለሳምንታት ማሰናበት ሕክምና የሚጠቅምበትን ጊዜ ማባከን ነው። ሹካ ብረት ያለው ማንኛውም ባለሙያ ይህን በደቂቃ ውስጥ ሊለየው ይችላል።

አፍንጫን ያለ መክፈቻ መሣሪያ ማየት እችላለሁ?

የአፍንጫውን ጫፍ በአውራ ጣትዎ ወደ ላይ ቀና አድርገው መብራት ያብሩ፤ በሕፃናት ይህ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ትልቅ ጫፍ ያለው ኦቶስኮፕም ይሠራል። ሲመለከቱ የታካሚውን ጭንቅላት ወደ ኋላ አያዘንብሉ፤ የአፍንጫ ወለል የሚሄደው ወደ ላይ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው።

አየር በሁለቱም በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ቀዝቃዛ ብረት ከቀዳዳዎቹ በታች ይያዙና በየትኛው በኩል ጭጋግ እንደሚይዝ ይመልከቱ። ነስር ያለበት ሰው ከሆነ ከፊት ለፊት በመካከለኛው ግድግዳ ላይ የደም ሥሮች የሚሰባሰቡበትን ቦታ ይፈልጉ፤ አብዛኛው ነስር የሚነሳው ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ነስርን ለማቆም የሚጫነው ለስላሳው የታችኛው የአፍንጫ ክፍል የሆነው፤ ጭንቅላት ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ሳይለቀቅ ይያዛል። አጥንቱን መጫን አይጠቅምም።

ውስጥ ያየሁት ሥጋ ፖሊፕ ነው ወይስ ጤናማ አካል?

ከጎን ግድግዳ ወጥቶ የሚታየው ሮዝማ ሥጋ የታችኛው ተርቢኔት ነው፤ ጤናማ አካል ነው፣ ሲነካም ያማል። ፖሊፕ ግን ፈዘዝ ያለ ግራጫማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነካ የሚንቀሳቀስና የማያም ነው። ፖሊፕ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም በኩል ይወጣል። በአንድ በኩል ብቻ የወጣ፣ በተለይ የሚደማ ከሆነ፣ ናሙና ተወስዶ እስኪታወቅ ድረስ ፖሊፕ ተብሎ አይጻፍ። በትንሽ ሕፃን አፍንጫ መሀል የታየ ፖሊፕ መሳይም ከአንጎል ሽፋን የወረደ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አይነካም፤ በቅድሚያ ምስል ይነሣል።

አፍንጫው የተመታ ሰው መጣ። አጥንቱ መሰበሩን ነው የማየው?

የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ደም መቋጠሩ ነው። ግድግዳው በአንድ ወይም በሁለት በኩል አብጦ ቀላ ብሎ ከታየ፣ በጥጥ ጫፍ ሲነኩት ለስላሳ ከሆነና ታካሚው በአፍንጫው ጭራሽ መተንፈስ ካልቻለ ደም ተቋጥሯል። የልም አጥንቱ ምግብ የሚያገኘው ከሽፋኑ ነው፤ ደሙ ሽፋኑን ሲለየው ልም አጥንቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፣ አፍንጫውም ይደረመሳል። ኢንፌክሽንም ሊከተል ይችላል። በዚያው ቀን መፍሰስ አለበት። የተሰበረ አጥንት ግን እብጠቱ እስኪቀንስ ጥቂት ቀናት ሊጠብቅ ይችላል።

የልጄ አፍንጫ በአንድ በኩል ብቻ የሚሸት ንፍጥ ያወጣል። ጉንፋን ነው?

ጉንፋን በሁለቱም በኩል ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣና የሚሸት ንፍጥ በሕፃን ላይ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ በውስጡ የገባ ባዕድ ነገር አለ ተብሎ ነው የሚታሰበው። ዶቃ ወይም ስፖንጅ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ባትሪ ከሆነ ግን ደቂቃ አይባክንም፤ እርጥብ ሥጋን ሲነካ በሰዓታት ውስጥ ያቃጥላል፣ የአፍንጫውንም ግድግዳ ይበሳል። ጠብታ አይጨመር፣ በቤት ውስጥም ለማውጣት አይሞከር፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጆሮ ውስጥ የገባ ባትሪም እንዲሁ ነው፤ የተዋጠም።

አፍን ስመረምር በብዛት የሚረሳው ቦታ የቱ ነው?

የምላስ ጎንና ከምላስ በታች ያለው ወለል። የአፍ ካንሰር በብዛት ከሚነሳባቸው ቦታዎች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኛሉ፤ አፍ ተከፍቶ "አ" ሲባል ደግሞ ሁለቱም አይታዩም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ እንዲያወጣው ይጠይቁ። በሁለት የምላስ መጫኛ ጉንጮቹን ከጥርሱ እያራቁ ከንፈሩን፣ ድዱንና የጉንጩን ውስጥ ይመልከቱ፤ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ያለችው ትንሽ ጉጥ የምራቅ ቱቦ መክፈቻ ናት። ምላሱን እንዲያወጣ፣ ከዚያ የምላሱን ጫፍ ወደ ላንቃው እንዲያነሳ ይጠይቁ። ምላሱን በጋዝ ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየሳቡ ጎኖቹን እስከ ሥሩ ይመልከቱ።

በመጨረሻ ይዳስሱ። ጓንት ባደረገ ጣት ከአፍ ወለል ውስጥ፣ በሌላው እጅ ከአገጭ በታች ይዘው በሁለቱ መካከል ያለውን ይፈትሹ። በዓይን የማይታይ ጠጣር እባጭና በምራቅ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ ጠጠር የሚገኘው በጣት ነው።

ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ባያምም እንኳን፣ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። "ባያምም" የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል፤ ሰዎች ስላላመማቸው ብቻ ለወራት ይቆያሉ። ነጭ ነገር ካዩ በእንጨቱ ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ ከተነሣና ከሥሩ ቅላት ከተወ በአብዛኛው ፈንገስ ነው፣ ካልተነሣ ናሙና ሊያስፈልገው ይችላል። ቬልቬት የመሰለ ቀይ ንጣፍ ከነጩም በላይ ያሳስባል።

የምላስ መጫኛውን ሳስገባ ታካሚው ያስመልሰዋል። እንዴት ላድርግ?

እንጨቱ በጣም ወደ ኋላ ሄዷል። ምላስን ከመሀሉ ላይ፣ ቢቻል ትንሽ ወደ ጎን ብለው ይጫኑ። ምላሱ በአፉ ውስጥ ይቆይ፤ ሲያወጣው ጀርባው ከፍ ብሎ ጉሮሮውን ይጋርዳል። በአፉ ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ ይንገሩት። ብዙ ሰው እንጨት ሳይገባበት "አ" ሲል ጉሮሮው በደንብ ይታያል፤ ከታየ እንጨቱ ለምን ያስፈልጋል?

ጉሮሮው ተከፍቶ ታየ። ምን ልፈልግ?

እንጥሉን። "አ" ሲል ለስላሳው ላንቃ በሁለቱም በኩል እኩል መነሣት፣ እንጥሉም መሀል ላይ መቆየት አለበት። ላንቃው በአንድ በኩል ካልተነሣ ነርቩ ደክሟል። አንዱ ቶንሲል አካባቢ አብጦ እንጥሉን ወደ ሌላው ጎን ከገፋው፣ ታካሚውም አፉን በደንብ መክፈት ካልቻለና ድምፁ ከታፈነ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ተቋጥሯል፤ መፍሰስ ያስፈልገዋል።

ቶንሲሎቹን እርስ በርሳቸው ያወዳድሩ። ትልቅ መሆናቸው ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የሕፃናት ቶንሲል በተፈጥሮው ትልቅ ነው። በአዋቂ ላይ አንዱ ብቻ ትልቅ ከሆነ፣ ከጠጠረ ወይም ከቆሰለ ግን በቸልታ አይታለፍ። ቶንሲል ላይ ነጭ ማየትም የባክቴሪያ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቫይረሶችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ትኩሳት፣ በቶንሲል ላይ ነጭ ሽፋን፣ ከፊት በኩል ያበጡና የሚያሙ የአንገት ዕጢዎች፣ እንዲሁም ሳል አለመኖር፦ አራቱ አብረው ሲገኙ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ግራጫማና የተጣበቀ፣ ለማንሣት ሲሞከር የሚደማ ሽፋን ካዩ ዲፍቴሪያን ያስቡ፤ አይፋቁት።

ጉሮሮን ፈጽሞ መመርመር የሌለብኝ ጊዜ አለ?

አለ፣ ይህም ከሁሉም ጥያቄዎች ይበልጥ ይመለከተኛል ብሎ እያንዳንዱ ባለሙያ ሊይዘው የሚገባ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ወደ ፊት ተደግፎ አገጩን አውጥቶ የተቀመጠ፣ አየር ሲያስገባ የሚያፏጭ ሕፃን ካዩ እንጨት አፉ ውስጥ አያስገቡ። የማንቁርቱ ክዳን አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ማስለቀስ ወይም ማስመለስ አየሩን ጭራሽ ሊዘጋው ይችላል። አያስተኙት፣ ከእናቱ አይለዩት፣ መርፌም አይውጉት። በመረጠው አቀማመጥ ኦክስጅን ይስጡትና የአየር መንገድን ማስጠበቅ የሚችል ቡድን ይጥሩ። ሂብ የሚባለውን ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት ይህን በሽታ በእጅጉ ቀንሶታል፤ አልጠፋም።

በአዋቂዎችም ይደርሳል፤ በእነርሱ የሚታወቀው ሕመሙና የሚታየው ስለማይመጣጠኑ ነው። ምራቁን መዋጥ አቅቶት እየተሠቃየ ጉሮሮው ሲታይ ደህና የሚመስል አዋቂ ካጋጠመዎት ችግሩ እርስዎ ከሚያዩት በታች ነው።

ማንቁርትን በዓይን ማየት ይቻላል?

በተራ መብራት አይቻልም። ማኑኤል ጋርሲያ የሚባል የዜማ መምህር እ.ኤ.አ. በ1854 በመስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ የድምፅ አውታሮቹን ሲንቀሳቀሱ አየ፤ ከዚያ ወዲህ ረጅም እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት ለአሥርት ዓመታት የሐኪሞች መሣሪያ ሆኖ ቆየ። መስታወቱ ከመግባቱ በፊት እንዳይደበዝዝ ይሞቃል፣ እንዳያቃጥልም በእጅ ጀርባ ይሞከራል። ዛሬ በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ ተክቶታል። ከሦስት ሳምንት በላይ የጎረነነ ድምፅ ያለው ሰው በዚህ መታየት አለበት።

የማይቀመጥ ሕፃንን እንዴት እመረምራለሁ?

በወላጁ ጭን ላይ። ለጆሮ ልጁ ጎኑን ለእርስዎ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ወላጁ በአንድ እጅ ጭንቅላቱን ከደረቱ ጋር ያስጠጋል፣ በሌላው ሁለቱን ክንዶቹን ያቅፋል፣ እግሮቹን በጭኖቹ መካከል ይይዛል። ለጉሮሮ ወደ እርስዎ ዞሮ ይቀመጣል። ከሁሉም አስቀድመው አንገቱን፣ ቀጥሎ አፍንጫውን ይመልከቱ፤ ጆሮና ጉሮሮ የመጨረሻ ይሁኑ፣ ከዚያ በኋላ ትብብር አይኖርምና። መሣሪያውን በቅድሚያ በወላጁ ጆሮ ላይ ቢያሳዩት ብዙ ልጆች ይረጋጋሉ።

አንገትን መዳሰስ የዚህ ምርመራ አካል ነው?

አዎ። ከኋላ ቆመው በሁለት እጅ፣ ከአገጭ በታች ጀምረው ወደ መንጋጋ ማዕዘን፣ በአንገት ጎን ወደ ታች፣ ከማጅራት በኩል ወደ ላይ ይዳስሱ። ትንሽ፣ የሚያምና የሚንቀሳቀስ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። የጠጠረ፣ የማያም፣ ሳምንታት የቆየ ዕጢ በአዋቂ ላይ ካገኙ ተመልሰው አፍና ጉሮሮን እንደገና ይመርምሩ።

በመዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ?

ያዩትን፣ በቀኝና በግራ ለይተው። "ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ጉሮሮ ደህና" የሚል አንድ መስመር ቀጥሎ ለሚያየው ባለሙያ ምንም አይነግረውም። የታምቡር ቀዳዳ ካለ በትንሽ ክብ ሥዕል ቦታውን ያመልክቱ። የቁስሉን ወይም የእባጩን መጠን በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማደጉን የሚያሳየው ያ ቁጥር ነው። ያላዩትንም ይጻፉ፦ "የግራ ታምቡር በኩክ ምክንያት አልታየም"፣ "የምላስ ሥር አልተዳሰሰም"፣ "ሕፃኑ ስላልተባበረ ጉሮሮ አልታየም"። ቀጣዩ መርማሪ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች መስመር ነው።